ቀላሏ ሽጉጥ እንዴት እንደከበደችኝ

ሽጉጥ መተኮስ የጀመርኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ይህን ለማንም ሳልናገር ሰባት ወር ቆይቻለሁ። አሁን የምጽፈው እንደ እኔ ደብቆ የሚሰቃይ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። ለሥራ ተብሎ ትንሽና ቀላል ሽጉጥ ተሰጥቷችሁ፣ በተኮሳችሁ ቁጥር እጃችሁን የምትመታችሁ ከሆነ፣ ችግሩ የጉልበት ማነስ ላይሆን ይችላል። የእኔ አልነበረም።

ትውልዴ መንዝ ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። ድርጅቱ ሸዋ ሮቢት አካባቢ እርሻ አለው፤ የቀን ሠራተኞቹ እዚያው በእጅ ይከፈላቸዋል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ገንዘብ ያዡ ሲወርድ አብሬው የምወርደው እኔ ነኝ። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ስንነሳ ጣታችን በብርድ ደንዝዟል። ጣርማበርን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ ላብ በላብ ሆነናል። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለ እጅ ስናወራ ስለሚያስፈልገን ነው።

ሽጉጥ የተሰጠኝ ለዚሁ ሥራ ነው። መሣሪያው የድርጅቱ ነው፤ ፈቃድ አለው፤ ቁጥሩም ተመዝግቧል። የሰጠኝ ኃላፊ፣ "አንቺ ሴት ነሽ፣ ቀለል ያለችው ትሁንልሽ" አለኝ። በቅንነት ነው ያለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ባዶዋን ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ብትበልጥ ነው። እጀታዋ ፕላስቲክ፣ በርሜሏ አጭር ነው። ሽጉጥ የሚለው ስም የመጣው ከመሸጎጥ ነው፤ ይህች ደግሞ ከጃኬት ሥር ስትሸጎጥ ጨርሶ አትታይም። ሥልጠና ላይ ክላሽ ተኩሻለሁ። ትከሻዬን አላመመኝም። ታዲያ ክላሽ ያላደረገኝን ይህች የመዳፍ ያህል ብረት ምን ታደርገኛለች ብዬ አሰብኩ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ጀመረ። ክላሽ ባዶውን ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሰደፉም ትከሻ ላይ ይደገፋል። ሽጉጥ ከሁለት እጅ በቀር መደገፊያ የለውም። የእኔዋ ሽጉጥ የምትተኩሰው የ9 ሚሊሜትር ጥይት አረር 8 ግራም ገደማ ነው። ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ ከ300 ሜትር በላይ ይበራል። አረሩ ወደ ፊት ሲሄድ መሣሪያው ወደ ኋላ ይመጣል፤ እኛ ርግጫ የምንለው ይህንን ነው። ያንኑ ጥይት 1 ኪሎ በሚመዝን ሽጉጥና ግማሽ ኪሎ በምትመዝን ሽጉጥ ብትተኩሱት እጃችሁ ላይ የሚያርፈው እኩል አይደለም። የመሣሪያው ክብደት በግማሽ ሲቀንስ የርግጫው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ጥበቃ የሚያውቀው ማካሮቭ እንኳ ባዶውን 730 ግራም ነው፤ ጥይቱም ከእኔዋ ጥይት ለስለስ ያለ ነው። ወገቤ ላይ የቀለለኝን እጄ ከፈለው።

በነገራችን ላይ የማካሮቭ ጥይትም "ዘጠኝ" ነው የሚባለው። ግን አንድ አይደሉም። የማካሮቩ አጭር ነው፤ አረሩም በጥቂቱ ወፈር ይላል። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ከጓደኛ ተውሳችሁ እንዳታጎርሱ።

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ አሥር ጥይት ነበር፤ ርቀቱ ሰባት ሜትር። ወሩ ኅዳር ነው። ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም። ቃታውን ሳብኩ። ጆሮዬ ጮኸ። በአውራ ጣቴና በአመልካች ጣቴ መካከል ያለው ሥጋ በዱላ የተመታ ያህል ነዘረኝ። ሁለተኛውን ስተኩስ ሰውነቴ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ትከሻዬ ተሰበሰበ፣ ዓይኔ ተከደነ። ከአሥሩ ወረቀቱን ያገኙት አራት ናቸው። አራቱም ታች በግራ በኩል። አሠልጣኙ "ይለመዳል" ብሎ አለፈኝ። እኔም ምንም አላልኩም። የመንዝ ልጅ ሆኜ ሽጉጥ አመመኝ ብዬ እንዴት ልናገር?

ይህ ዝምታ ብዙ አስከፍሎኛል። መጀመሪያ ያደረግኩት አንቆ መያዝ ነው። በቀኝ እጄ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ጨመቅኳት። እጅ ከመጠን በላይ ሲጨመቅ ይንቀጠቀጣል፤ አመልካች ጣትም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይጨመቃል፤ ቃታው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ተጎትቶ ይሳባል። ጥይቶቼ ይበልጥ ወደ ታች ወረዱ።

ከዚያ "ይለመዳል" የተባለውን አምኜ ለዓመቱ ልምምድ የተመደበልኝን ሃምሳ ጥይት በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። ዛሬ ድረስ ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። ከሃያኛው በኋላ ማነጣጠር አቁሜ ነበር፤ የማስበው ስንት እንደቀረኝ ብቻ ነው። ማታ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ። አውራ ጣቴ ለሦስት ሳምንት ደነዘዘ። ያን ጠዋት እጄ የተማረው መተኮስን አልነበረም። መፍራትን ነው የተማረው፣ ሃምሳ ጊዜ ደጋግሞ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ሕመም ከጀመረ ያን ዕለት አቁሙ። ድንዛዜው ካልለቀቃችሁ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እኔ አልሄድኩም፣ መሄድ ነበረብኝ።

ሦስተኛው ጥፋቴ ደግሞ አደገኛ ነበር። አንድ ብረታ ብረት የሚሠራ ሰው "ሞላዋ ሰንፎ ነው፣ ጠንካራ ሞላ ቢገባላት ርግጫዋ ይጠፋል" አለኝ። ከውስጥ ያለውን ሞላ ቀየረልኝ። ርግጫው አልጠፋም። በሁለተኛው ተኩስ ላይ ሽጉጧ ነከሰች፤ ቀለሁ፣ ማለትም የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቀፎ፣ ሳይወጣ ተቀርቅሮ ቀረ። ሞላው ከልክ በላይ ሲጠነክር ላይኛው ተንሸራታች ብረት ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ስለዚህ ባዶውን ቀለህ በደንብ አይተፋም፣ አዲሱንም አያጎርስም። ያን ቀን ቆላ መውረጃዬ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ይቀፈኛል። የድርጅት መሣሪያ ለማንም ሰጥቶ ማስነካትም በራሱ ጥፋት ነው። የድሮውን ሞላ አስመለስኩ፤ ለኃላፊዬም ነገርኩት። ተቆጣኝ፤ ልክ ነበር።

ግን ያ ቁጣ ጠቀመኝ፤ ሁሉንም ነገር እንድናገር አደረገኝ። ኃላፊው ጡረታ የወጡ አንድ ሻምበል ዘንድ ላከኝ። ሻምበል በእርጋታ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሁለት ተኩስ ብቻ አስተኮሱኝ። ከዚያ "ካዝናውን ስጪኝ" ብለው የጥይት መያዣውን ተቀበሉኝና ጀርባቸውን አዙረው ራሳቸው ሞሉት።

"ተኩሺ" አሉኝ።

የመጀመሪያው ፈነዳ። ሁለተኛውን ስስብ ቀጭ አለ፤ ምንም አልወጣም። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ነበር፤ ሙሉ አንድ ስንዝር። ትከሻዬ ወደ ፊት ተገፍቷል፤ ዓይኔ ተከድኗል። ሻምበል ሳያሳውቁኝ ከእውነተኞቹ መካከል ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት አስገብተው ነበር።

"ጥይት ወጣ?" አሉኝ።

"አልወጣም፣ ሻምበል።"

"ታዲያ ማን ረገጠሽ?"

መልስ አልነበረኝም። ሰባት ወር ሙሉ ሽጉጧን ስከስ ነበር። ጥይቶቼን ታች በግራ የሚጥለው ግን የሽጉጧ ርግጫ አልነበረም። ርግጫው የሚመጣው አረሩ ከወጣ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ገና ቃታው ሳይለቅ ልመክተው እወድቅበታለሁ። የሚመጣው ርግጫ ሌላ፣ የሚሰማን ርግጫ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን በክብደትና በአያያዝ እናቀልለዋለን። ሁለተኛው ግን አብዛኛው ፍርሃት ነው።

ይህን ፈተና ሁላችሁም ሞክሩት እላለሁ። ብቻችሁን አይሆንም፤ ካዝናውን ሌላ ሰው መሙላት አለበት። ጥይቱም ለልምምድ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ቤት ውስጥ ባሩድ አራግፎ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፤ በፍጹም አታድርጉት።

ቀጥለው ሻምበል ስለ በቅሎ አጫወቱኝ። "በቅሎ ስትረግጥ አጥንቱ የሚሰበረው ማን ነው?" አሉኝ። ይህንንስ አውቃለሁ፤ መንዝ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የሚሰበረው ራቅ ብሎ ከኋላ የቆመው ነው። ተጠግቶ ጭኗ ላይ የተለጠፈውን ትገፋዋለች እንጂ አትመታውም፤ እግሯ የሚወረወርበት ቦታ አያገኝም። "ሽጉጥም እንደዚያ ናት" አሉኝ። "በእጅሽና በእጀታዋ መካከል ክፍተት ካለ ትመታሻለች። ክፍተት ከሌለ ትገፋሻለች።"

ከዚያ አያያዜን ከመሠረቱ አፈረሱት። ከዚህ በታች የምጽፈውን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ለውጡን ያመጣው እሱ ነው።

ቀኝ እጄን እጀታው ላይ ዝቅ አድርጌ ነበር የምይዘው። በርሜሉ ከእጅ በራቀ ቁጥር አፈሙዙ ወደ ላይ ለመዝለል ይመቸዋል። ሻምበል እጄን ወደ ላይ ገፉት፤ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለው ሥጋ ከተንሸራታቹ ብረት በታች፣ መሄድ እስከሚችልበት ጥግ ድረስ ወጣ። ከዚያ በላይ ግን አይወጣም፤ ብረቱ ሲመለስ ሥጋ ይቆርጣል። ግራ እጄ እስካሁን የካዝናውን ሥር እንደ ሲኒ ማስቀመጫ ከታች ሲደግፍ ነበር። ሻምበል በቀኝ እጄ ጣቶች ያልተሸፈነውን የእጀታውን ግራ ጎን አሳዩኝ። የግራ መዳፌ የሚሞላው ያንን ባዶ ቦታ ነው። አራቱ የግራ ጣቶቼ በቀኞቹ ላይ ይጠመጠማሉ፤ ሁለቱም አውራ ጣቶች ወደ ፊት ይጋደማሉ። ጨምቆ የሚይዘው በዋናነት ግራ እጅ ነው። ቀኙ ዘና ይላል፤ አመልካች ጣት ለብቻው እንዲሠራ።

ምን ያህል ልጭመቅ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ። "ዘመድ ስትጨብጪ በዚህ ልክ ነው" አሉኝ፤ ከዚያ ግራዬን ያዙና ጠበቅ አደረጉት፤ "ይሄ ደግሞ ልጅሽን አስፋልት ስታሻግሪ።" እስካሁን የምለካው በዚያ ነው።

አቋቋምም አለ። እኔ ወደ ኋላ ዘንበል ብዬ ነበር የምቆመው፤ ከድምፁ ለመራቅ ይመስለኛል። አሁን ክብደቴ ወደ ፊት ነው፤ ጉልበቴ በትንሹ ታጥፏል፣ ክርኔ አልተቆለፈም። የእጅ አንጓ ግን ጠንካራ መሆን አለበት። አንጓው ከላላ ርግጫው ይብሳል፤ እንደ እኔዋ ያሉ ቀላል ሽጉጦች ደግሞ አንጓ ሲላላ ይነክሳሉ።

ቀጣዩ ጆሮ ነው። በጥጥ ነበር የምደፍነው። የሽጉጥ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፤ ድንገተኛ ድምፅ ከ140 ካለፈ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ጥጥ ለዚህ ምንም አይደለም። ሻምበል በጆሮ ቀዳዳ የሚገባውን ስፖንጅ አስገቡልኝ፤ በላዩ ላይ እንደ ትልቅ ማዳመጫ ያለውን መከላከያ ደረቡልኝ። አንድ ጥይት ተኮስኩ። ዞሬ አየኋቸው። ያቺው ሽጉጥ፣ ያው ጥይት ነው፤ ግን ግማሹ ርግጫ ጆሮዬ ውስጥ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ገንዘብ አጥሯችሁ አንድ ነገር ብቻ የምትገዙ ከሆነ ይህን ግዙ።

ሽጉጧ ላይ ያደረግነው ለውጥ ጥቂት ነው። እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣቴ አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀር ነበር። ከታች ወጣ ያለ መቀመጫ ያለው ካዝና ድርጅቱ ገዛልኝ፤ ትንሿ ጣቴ ቦታ አገኘች። አንዲት ጣት ይህን ያህል ትጠቅማለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ፕላስቲኩ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ላይ በላብ ይንሸራተታል። ለዚህ ከብስክሌት ጎማ ጥገና ቤት አሮጌ ካለመዳሪ ለመንኩ። አንድ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጬ፣ በሳሙና አጥቤ እጀታው ላይ እንደ ካልሲ አጠለቅኩት። የካዝና መልቀቂያውን ቁልፍ እንዳይሸፍን ጎኑን ቀደድኩለት። እጅን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ምቱንም ትንሽ ይውጣል። ከበርሜል ላይ ቀዳዳ ማስበሳት፣ ሞላ መቀየር፣ ብረት ማስሞረድ የሚሉትን ግን አትስሙ። በሕግም ያስጠይቃል፣ መሣሪያውንም ያበላሻል። ጥይትንም በተመለከተ ምንጩን የማታውቁትን አትቀበሉ፤ ለአጭር መትረየስ ተብሎ ባሩዱ የጠነከረ የ9 ሚሊሜትር ጥይት አለ፤ ቀላል ሽጉጥ ውስጥ ገብቶ እጅም መሣሪያም ይጎዳል።

ፍርሃቱን ያወጣልኝ ግን ካለመዳሪው አይደለም። የአንድ ብር ሳንቲም ነው። ሁልጊዜ ማታ አሥር ደቂቃ እቤት እለማመዳለሁ። ጥይቶቹ ሁሉ ሌላ ክፍል ተቆልፎባቸው ይቀመጣሉ። ካዝናውን አወጣለሁ፤ ብረቱን ወደ ኋላ ስቤ የጥይቱን ጎሬ በዓይኔ አያለሁ፤ መብራት ከጠፋ በትንሽ ጣቴ እዳስሳለሁ። ከዚያ እንደገና አያለሁ። የማነጣጥረው ወደ ድንጋዩ ግድግዳ ነው፤ ጎረቤት ወዳለበት የጭቃ ግድግዳ አላዞርም። ሳንቲሟን ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ኋላ ብረቱ ላይ አስቀምጣለሁ። ቃታውን ቀስ ብዬ እስከ መጨረሻው እስባለሁ። ቀጭ ሲል ሳንቲሟ መውደቅ የለባትም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር ዘጠኙ ወደቀች። ሲሚንቶው ላይ ስትንከባለል ልጄ ይነቃ ነበር፤ ጋቢ አነጠፍኩ። በሁለተኛው ወር ላይ አሥሩንም ጊዜ ቆመች። መሣሪያችሁ አሮጌ ከሆነ በባዶው መሳብ እንዳይጎዳው የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ የመለማመጃ ጥይት ጎርሶ ቢሳብ ይሻላል።

እውነተኛ ተኩስ ስንሄድ ሻምበል በቀን ከአሥር ጥይት በላይ አልፈቀዱልኝም። አምስት እተኩሳለሁ፣ በባዶ አሥር ጊዜ እስባለሁ፣ ቀሪውን አምስት እተኩሳለሁ። "ደስ እያለሽ ነው ማቆም ያለብሽ" ይሉኛል። ብርድ ሲሆን እጄን ብብቴ ውስጥ አሙቄ ነው የምጀምረው፤ የደነዘዘ ጣት ቃታ አይሰማውም፣ የቀዘቀዘ ሥጋም ምት ይበረታበታል። ወፍራም የሹራብ ጓንት ሞክሬ ነበር፤ ጣቴ ቃታው ውስጥ ተጣበበብኝ፣ ተውኩት።

አሁን በሰባት ሜትር የምተኩሳቸው አሥር ጥይቶች በመዳፌ ይሸፈናሉ። ሽጉጧ አሁንም ትረግጣለች። ሁለት ካዝና ከተኮስኩ ማታ እጄ ይሰማኛል። ከባዱን መምረጥ ብችል ኖሮ ከመጀመሪያው እሱን እመርጥ ነበር። ግን ዓይኔ ክፍት ነው። አፈሙዙ ሲነሳ አየዋለሁ፤ ሲመለስም አየዋለሁ።

ዘንድሮ አንዲት ልጅ አዲስ ተቀጥራ መጣች። ከእኔ ትቀጥናለች። ኃላፊው ያንኑ ነገር ጀመረ፤ "ለሷም ቀለል ያለች እንፈልግላት" አለ። "ቆይ፣ ሁለቱንም ትያዛቸው" አልኩት። የእኔንና ሙሉ ብረት የሆነውን ከባዱን ሽጉጥ ባዶ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን። ተራ በተራ አስያዝኳት። ሦስት ነገር አየሁላት፤ ትንሿ ጣቷ ቦታ ማግኘቷን፣ የአመልካች ጣቷ ጫፍ እጇን ሳታዞር ቃታው መሃል መድረሱን፣ መዳፏና እጀታው መካከል ብርሃን አለማየቴን። ከባዱ ላይ ሁሉም ልክ ሆነላት። በመጀመሪያው ቀን አምስት ጥይት ብቻ ተኮሰች፤ ጆሮዋን ሁለት ጊዜ ሸፍኜላት። ዓይኗን እያየሁ ነበር። አልጨፈነችም።

አሁን ወገቤን ከበደኝ እያለች ነው። ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ገዛሁላት።